በጀቱን የሚያነበው ማነው?



ሰኔ ሲገባ ሁለት ነገሮች አብረው ይመጣሉ። አንደኛው የእኛ የማጠቃለያ ፈተና ነው፤ ሁለተኛው የመንግሥት በጀት። ረቂቁ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፣ ምክር ቤቱ ተወያይቶ ያጸድቃል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል። እኛ በእነዚያ ሳምንታት ከቤተ መጻሕፍት አንወጣም። ቁጥሩን በስልካችን እናየዋለን፦ ለ2017 ዓ.ም. 971.2 ቢሊዮን ብር፣ ለ2018 ዓ.ም. 1.93 ትሪሊዮን ብር። "ብዙ ነው!" ብለን ወደ ሃንድአውታችን እንመለሳለን። መስከረም ላይ ግቢ ስንገባ የካፌው ወጥ ሲቀጥን፣ የቤተ ሙከራው ዕቃ ሲጎድል፣ የሰፈሩ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ከውጭ ግዙ ሲለን እናማርራለን። ምሬታችን በሰኔ ካለፈን ቁጥር ጋር የተያያዘ መሆኑ ግን ትዝ አይለንም።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የመንግሥት የገንዘብ መረጃ አንባቢ ያስፈልገዋል፤ ያ አንባቢ ደግሞ እኛ መሆን እንችላለን፣ ይገባናልም።

በሁለት በኩል ባለጉዳይ ነን

ከመካከላችን የሂሳብ አያያዝ የምትማሩ ይህን ክፍል ታውቁታላችሁ። የዓለም አቀፉ የመንግሥት ዘርፍ የሂሳብ አያያዝ ደረጃዎች ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍ "የመንግሥት የፋይናንስ ሪፖርት የሚዘጋጀው ለማን ነው?" የሚለውን ጥያቄ መልሷል። በመልሱ መሠረት ዋነኞቹ ተጠቃሚዎች ሁለት ወገኖች ናቸው፦ ከመንግሥት አገልግሎት የሚቀበሉ እና ለመንግሥት ገንዘብ የሚሰጡ። ምክር ቤትም እዚህ ውስጥ የሚገባው የእነዚህ ሰዎች ወኪል ስለሆነ ነው። ሚኒስትሩ፣ አበዳሪውና ተንታኙም ሪፖርቱን ያነባሉ፤ ሪፖርቱ በቅድሚያ የተጻፈው ግን ለእነዚህ ለሁለቱ ወገኖች ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሁለቱም በኩል ይገባል። የምንማርበት ክፍል፣ የምናድርበት ዶርም፣ የምንበላው ምግብ ከበጀት የሚወጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. ለአንድ ተማሪ ምግብ በቀን የሚመደበው ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ሲል ጉዳዩ በቀጥታ የእኛን ሳህን የነካ የበጀት ውሳኔ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ከፋዮች ነን። ስንመዘገብ የምንፈርመው የወጪ መጋራት ውል በ1995 ዓ.ም. ከወጣው ደንብ ቁጥር 91 የመነጨ ነው። ደንቡ ተመራቂው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ አዝዞ ነበር። አብዛኞቻችን ያቺን ወረቀት ሳናነብ ፈርመናታል። በስማችን የሚመዘገብ ዕዳ እንዴት እንደተሰላ መጠየቅ ደግሞ የማንኛውም ተበዳሪ መብት ነው። ሱቅ በዱቤ የምትሸጥላችሁ ጎረቤት እንኳ ደብተሯን ገልጣ ታሳያችኋለች።

የጉለሌ አንድ መንገድ፣ ብዙ ካዝና

ብዙ ጊዜ ጥያቄያችን መልስ የሚያጣው ጥያቄውን ለማን እንደምናቀርብ ስለማናውቅ ነው። የምንኖርበትን ጉለሌን እንውሰድ። ክፍለ ከተማው ከእንጦጦ ግርጌ ተነስቶ ሽሮ ሜዳን፣ ቀጨኔን፣ አዲሱ ገበያን፣ የጳውሎስንና የፓስተርን አካባቢ ያቅፋል። በእነዚህ ሰፈሮች በእግር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከብዙ ካዝና የሚከፈልባቸው አገልግሎቶችን ያልፋል።

የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በጀት ፌዴራል ነው፤ በጤና ሚኒስቴር ሥር ይመጣል። ፓስተር የምንለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም እንዲሁ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲም በፌዴራሉ በጀት ውስጥ ነው። ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ያለው ጤና ጣቢያ ግን የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱና በውስጡ ያለው የተማሪዎች ምገባም የከተማው ናቸው። መንገዱ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን ሲሆን የቧንቧ ውሃው ደግሞ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው፤ እሱም ከደንበኞቹ የአገልግሎት ክፍያ ይሰበስባል። አዲስ አበባ ከክልሎች የምትለይበት አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወጪዋን የምትሸፍነው በአብዛኛው ራሷ ከምትሰበስበው ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ነው። የሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ነጋዴና የአዲሱ ገበያ ባለሱቅ የሚከፍሉት ግብር ተመልሶ ወደ ሰፈራቸው በምን መልክ እንደሚመጣ ለማወቅ የከተማውን በጀት ማየት አለባቸው።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። ጤና ጣቢያ መድኃኒት አለቀ ሲባል ሰው "መንግሥት በጀት የለውም" ብሎ ይደመድማል። ጤና ጣቢያው ግን ገንዘብ የሚያገኘው ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ከመደበኛው በጀት ይመደብለታል። በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው መሠረት ከሕሙማን የሚሰበስበውን ገቢ ለራሱ አገልግሎት እንዲያውል ተፈቅዶለታል። ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም ለታከሙ አባላት ክፍያ ይጠይቃል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ከሦስቱ የትኛው እንደጎደለ መለየት ነው፦ ምደባው አነሰ? የውስጥ ገቢው ለሌላ ነገር ዋለ? የመድኑ ክፍያ ዘገየ? ወይስ ገንዘቡ እያለ መድኃኒቱ ከአቅራቢው አልመጣም? እነዚህን ለይቶ የሚጠይቅ ሰው መልስ ያገኛል። "ለምን መድኃኒት የለም?" ብቻ የሚል ሰው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲላክ ይውላል።

ቁጥሩን ስናይ የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች

በጀት ማንበብ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አይጠይቅም። በሦስት ጥያቄዎች መጀመር ይቻላል።

የመጀመሪያው "የጸደቀ ነው ወይስ የወጣ?" የሚል ነው። የጸደቀ በጀት የማውጣት ፈቃድ ነው፤ ገንዘቡ ወጥቷል ማለት አይደለም። በዓመቱ ውስጥ ዝውውር ይደረጋል፣ ተጨማሪ በጀት ይጸድቃል፣ ሳይሠራበት የሚመለስም ይኖራል። የ2017ቱ በጀት ጥሩ ማስረጃ ነው። ሰኔ ላይ የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። በዓመቱ መካከል ግን 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ፤ ይህም ከዋናው በጀት ግማሽ በላይ ነው። የሰኔውን ቁጥር ብቻ ይዞ የ2018ቱን 1.93 ትሪሊዮን የሚያይ ሰው "በጀቱ በአንድ ዓመት እጥፍ ሆነ" ይላል። ተጨማሪውን የደመረ ሰው ደግሞ ጭማሪው ሩብ ገደማ መሆኑን ያያል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ቁጥር ትክክል ነው፤ ድምዳሜያቸው ግን በጣም ይራራቃል።

ሁለተኛው "መደበኛ ነው ወይስ ካፒታል?" የሚለው ነው። በ2017ቱ ዋና በጀት ውስጥ ለመደበኛ ወጪ 451.3 ቢሊዮን፣ ለካፒታል 283.2 ቢሊዮን፣ ለክልሎች ድጋፍ 222.7 ቢሊዮን፣ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ 14 ቢሊዮን ብር ተመድቦ ነበር። ካፒታል ሕንፃውን ይሠራል፤ መደበኛው ደመወዝ ይከፍላል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ መብራት ያበራል። ሪባን የሚቆረጠው ለካፒታሉ ነው። የሕንፃው አገልግሎት የሚቀጥለው ግን በመደበኛው በጀት ነው። አዲስ ሕንፃ ተመርቆ በሩ ተዘግቶ ስታዩ በመጀመሪያ የምትጠይቁት የመደበኛ በጀቱን ይሁን።

ሦስተኛው "ይህ ብር ምን ይገዛል?" የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። የበጀቱ ቁጥር የሚያድግበት አንዱ ምክንያት የዋጋው ማደግ ነው። ከ22 ወደ 100 ብር ማደግ ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ሳህኑ ግን በአራት እጥፍ ሊሞላ አይችልም፤ 22 ብሩ ለብዙ ጊዜ ሳይነካ ሲቆይ የጤፍ፣ የዘይትና የሽሮ ዋጋ ሲሮጥ ነበርና።

ሰሌዳው ተለጥፎ ነበር

ይህ ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በቀጥታ ይሰጡት የነበረውን የበጀት ድጋፍ ሲያቆሙ በ1998 ዓ.ም. የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ተጀመረ። ገንዘቡ ወደ ወረዳዎች ወርዶ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለውሃና ለግብርና እንዲውል የታሰበ ነበር። ከፕሮግራሙ ጋር የፋይናንስ ግልጽነትና ተጠያቂነት የሚባል ሥራ መጣ። ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን ማንም ሰው ሊረዳው በሚችል ቀላል ሠንጠረዥ፣ በአካባቢው ቋንቋ አዘጋጅተው በሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ተደረገ። በትይዩ በተካሄደው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ደግሞ ነዋሪዎች ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ አገልግሎት ውጤት እየሰጡ ከኃላፊዎች ጋር ፊት ለፊት ይነጋገሩ ነበር።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። ወረቀት መለጠፍ የሥራው መጀመሪያ ነው። ሰው ቆሞ ካላነበበው፣ ያነበበውም ለጎረቤቱ ካላስረዳው፣ የተረዳውም ካልጠየቀ ወረቀቱ ፀሐይና ዝናብ በልቶት ያልቃል። ሥራው ፍሬ ያፈራው አንባቢው ሲገኝና ከኃላፊው ጋር የሚገናኝበት መድረክ ሲኖር ነው።

የኡጋንዳ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 መንግሥት ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ልክ ይልክ ከነበረው ድጎማ ትምህርት ቤቶቹ ዘንድ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶው ብቻ እንደነበር ጥናት አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ መንግሥት ለየወረዳው የላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፣ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በበራቸው እንዲለጥፉ ታዘዙ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚደርሰው ድርሻ ወደ 80 በመቶ ከፍ አለ። ለለውጡ የጋዜጣው ማስታወቂያ ብቻውን በቂ እንዳልነበረና ሌሎች የአስተዳደር ማሻሻያዎችም እንደረዱ የሚከራከሩ ምሁራን አሉ። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋናው ነጥብ ግን አይቀየርም፤ ምን ያህል ሊደርሰው እንደሚገባ የሚያውቅ ወላጅ ሲጎድል ይጠይቃል፣ የማያውቅ ግን መጉደሉንም አያውቅም።

ኦዲቱ ይነበባል፣ እኛ ግን አንሰማም

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲያቀርብ ያዛል። ሪፖርቱ በየዓመቱ ይቀርባል፤ መሥሪያ ቤቶችም በቋሚ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ይጠየቃሉ። ከሚጠየቁት ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በተደጋጋሚ ይገኛሉ። "በወቅቱ ያልተወራረደ ሂሳብ"፣ "የግዥ ሥርዓትን ያልተከተለ ግዥ"፣ "ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ" የሚሉት ቃላት ለዜና ተከታታዮች አዲስ አይደሉም። የአዲስ አበባ ከተማም የራሱ ዋና ኦዲተር አለው፤ ለከተማው ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል።

የሚገርመው በአዳራሹ ውስጥ የሌለው ሰው ነው። ስለ ተማሪ ምግብ ግዥ ሲጠየቅ ምግቡን የሚበላው ተማሪ የለም። ብዙ ጊዜ ስለራሳችን ግቢ የቀረበ የኦዲት ግኝት መኖሩን እንኳ አንሰማም። የተማሪ መማክርት፣ የትምህርት ክፍል ክበቦች፣ የእኛም ጀመዓ የግቢያችን ስም በሪፖርቱ ውስጥ ምን ተብሎ እንደተነሳና ምን ማስተካከያ እንደተደረገ መከታተል ይችላሉ። ግኝት ሁሉ ሌብነት እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። አንዳንዱ የወረቀት መዘግየት ነው፣ አንዳንዱ የአሠራር ድክመት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከባድ ጥፋት ነው። ልዩነቱን ሳያጣሩ የሰው ስም ማጥፋት በእኛ ዘንድ ከባድ ወንጀል መሆኑን አንረሳም።

አማና ነው

በዲናችን የሕዝብ ገንዘብ አማና ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራ ውስጥ ያለው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ምስክር ማቆም የሚናገር መሆኑን ብዙዎቻችን በሐለቃ ተምረናል። ዘካ ሊሰበስብ ተልኮ ሲመለስ "ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው" ያለውን ሰውዬ ታሪክም እናውቀዋለን። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ጉዳዩን በዝምታ አላለፉትም፤ ሚንበር ላይ ወጥተው በሕዝብ ፊት ተናገሩበት፣ እቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደነበር ጠየቁ። ሒሳቡ በአደባባይ ተነሳ፣ ሕዝቡም ሰማ።

በጀመዓችን ውስጥም ይህን እንሠራበታለን። ለረመዳን ኢፍጣርና ለተቸገሩ ተማሪዎች መዋጮ ስንሰበስብ ገንዘብ ያዡ ሪፖርት እንዲያቀርብ እንጠብቃለን። ስንጠይቀው ወንድማችንን ጠረጠርነው ማለት አይደለም፤ እሱን ከሐሜት፣ እኛን ከክፉ ጥርጣሬ እንጠብቃለን። ይህንኑ ልማድ ከግቢያችን አልፎ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ወረዳው ብናደርሰው ምን ያግዳል?

"ይህ ፖለቲካ ነው" ለሚሉን

የሚያሳስባቸው ወንድምና እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። "የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበር ስለ በጀት መጠየቅ ከጀመረ ሌላ ስም ይሰጠዋል፤ ጥያቄያችን ይበዛል፣ ትምህርታችን ይስተጓጎላል" ይላሉ። ስጋቱን አናጣጥለውም። ቤተሰብ ከሩቅ አገር ልኮን፣ ዲግሪያችንን ይዘን እንድንመለስ እየጠበቀን ነው።

ሆኖም ጥያቄው በሕግ የተፈቀደ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 29 መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት እንዲከበር ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ ቢበዛ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ካልሰጠ ወደ እምባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። በዚህ ላይ ጥያቄው የሙስሊም ብቻ አይደለም። የካፌው ምግብ የሁሉም ነው፣ የጤና ጣቢያው ወረፋም የሁሉም ነው። ከሌሎች ተማሪዎች ጋር፣ በመማክርቱ በኩል፣ በጨዋ ደብዳቤ ሲቀርብ ማንም በክፉ የሚተረጉምበት ምክንያት አይኖርም።

"ብንጠይቅስ ማን ይሰማናል?" የሚሉም አሉ። አንድ ደብዳቤ መልስ ላያገኝ ይችላል። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚመጣ፣ አንቀጽ ጠቅሶ፣ የበጀት ርዕሱን ለይቶ የሚጠይቅ ደብዳቤ ግን ለማለፍ ይከብዳል።

ከሁለቱም ወገን የሚጠበቀው

ከመንግሥት የምንጠብቀው ግልጽ ነው። የፌዴራሉና የከተማው ጠቅላላ ቁጥር በዜና መነገሩ አይበቃም። የክፍለ ከተማውና የወረዳው በጀት በየአገልግሎቱ ተዘርዝሮ፣ የጸደቀው ከወጣው ጎን ለጎን ተጽፎ፣ በየሩብ ዓመቱ በጤና ጣቢያውና በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ቋንቋው የሽሮ ሜዳ ሸማኔና የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ የሚገባቸው ይሁን፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ። ዩኒቨርሲቲዎችም ለተማሪ ምግብ ስንት ተመደበ፣ ስንት ወጣ የሚለውን ለሚበላው ተማሪ ያሳዩ።

ከእኛ የሚጠበቀውም ትንሽና የሚቻል ነው፦

አንደኛ፣ የጀመዓችንን የዓመቱን ገቢና ወጪ በአንድ ገጽ ጽፈን እንለጥፍ። ሌላውን ከመጠየቃችን በፊት የራሳችን ደብተር ክፍት ይሁን።

ሁለተኛ፣ የሂሳብ አያያዝ፣ የኢኮኖሚክስና የሕግ ተማሪዎቻችን ከዐስር በኋላ አንድ ሰዓት ወስደው የበጀት ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚነበብ ያስተምሩን። ፈተና በማይኖርበት በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ይሁን፤ ሰኔ ከመድረሱ በፊት ዝግጁ እንሆናለን።

ሦስተኛ፣ ከጉለሌ አንድ ጤና ጣቢያና አንድ ትምህርት ቤት መርጠን በጀታቸውን እንጠይቅ። በትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት፣ በጤና ጣቢያው ደግሞ የኅብረተሰብ ተወካዮች ያሉበት ቦርድ አለ፤ ከእነሱ እንጀምር። ያገኘነውን በቀላል አማርኛ ጽፈን ለሰፈሩ እናቶችና አባቶች እንመልስ።

አራተኛ፣ የተሰጠንን መልስ፣ የተከለከልነውንም ጭምር፣ በዚህ ጋዜጣ እናውጣ። የተሠራ መልካም ሥራ ካገኘንም በደስታ እንጽፋለን፤ በትክክል የሠራ ሂሳብ ሹም ምስጋና ይገባዋል።

ከእኛ ብዙዎቹ ነገ በወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በባንክ እንቀጠራለን። ያኔ ሪፖርቱን የምናዘጋጀው እኛ እንሆናለን፣ ከመስኮቱ ማዶ ቆሞ የሚጠይቀን ደግሞ ሌላ ተማሪ ይሆናል። ለዚያ ተማሪ ሰነዱን ሳናንገራግር የምናወጣለት ሰዎች እንድንሆን መጠየቅን ዛሬ እንልመድ። በሚቀጥለው እትም የጀመዓውን ሂሳብ በዚህ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ፣ ኢንሻ አላህ።